ለመሣሪያው አሥር ዓመት፣ ለገንዘቡ ሦስት

ውቅያኖስን በዓይን ማወቅ አይቻልም። የፀሐይ ብርሃን 200 ሜትር ላይ ይደክማል፣ ከ1,000 ሜትር በታች ጭራሽ የለም። የሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል። ስለዚህ እታች ጂፒኤስ የለም፣ ሞባይል የለም፣ ኢንተርኔት የለም። መልእክት የሚያደርሰው ድምፅ ነው፤ እሱም በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግፊቱ ደግሞ በየ10 ሜትሩ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። 6,000 ሜትር ላይ ያለ ሴንሰር ወደ 600 አትሞስፌር ተጭኖት ነው የሚለካው። በዚያ ላይ ዝገት አለ። ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው አልጌና ቅርፊታም ፍጥረት አለ። የባትሪው ማለቅ አለ።

ይህን ሁሉ ችሎ የሚታመን ቁጥር የሚያመጣ ዕቃ የሚሠራው ማነው? በየዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ገብታችሁ ብታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፒኤችዲ ተማሪ ነው። ፕሮፌሰሩ ሐሳብ ያመነጫል፣ የገንዘብ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ከስብሰባ ስብሰባ ይሮጣል። ሰርኪዩቱን የሚበይደው፣ ኮዱን የሚጽፈው፣ የግፊት መሞከሪያው ታንክ አጠገብ የሚያመሸው፣ መርከብ ላይ እያቅለሸለሸው ዕቃውን ውኃ ውስጥ የሚያወርደው ተማሪው ነው። እናም የውቅያኖስ መሣሪያ ምርምር በገንዘብ ይደገፍ ሲባል፣ በተግባር ጥያቄው «የዚህን ተማሪ የአምስት ዓመት ኑሮ ማን ይቻል?» የሚል ነው።

ጥያቄው አሁን የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያለውን ጊዜ የውቅያኖስ ሳይንስ አሥርት ዓመት ብሎ ሰይሞታል። እስከ 2030 የባሕሩ ወለል በሙሉ ካርታ ይነሣለት የሚል ዓለም አቀፍ ዕቅድም አለ። በ2025 አጋማሽ ላይ ካርታ የተነሣለት 27.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዩኔስኮ ሥር ያለው የመንግሥታት የውቅያኖስ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ አገሮች ከምርምር ወጪያቸው ለውቅያኖስ ሳይንስ የሚያውሉት በአማካይ 1.7 በመቶውን ነው። ከዚህ ላይ የመርከቡ፣ የነዳጁ፣ የዓሣ ጥናቱና የአየር ንብረት ጥናቱ ድርሻ ይነሣል። አዲስ መሣሪያ መፍጠር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ግን እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ችግር የገንዘቡ ማነስ አይደለም። የገንዘቡ ሰዓትና የመሣሪያው ሰዓት አለመግጠማቸው ነው።

የውኃ ውስጥ ግላይደርን እንውሰድ። ዛሬ ብዙ የውቅያኖስ ተቋም ያለው፣ ክንፍ ያለው፣ ሞተር ሳይቀዝፈው ክብደቱን ከውኃው ጋር እያመጣጠነ እየወጣና እየወረደ ለወራት የሚጓዝ ሮቦት ነው። ሐሳቡን ዳግ ዌብ የተባለው መሐንዲስ ይዞ ወደ ታዋቂው የውቅያኖስ ሊቅ ሔንሪ ስቶመል ሄደ። ስቶመል በ1989 ወደፊቱን አስቦ አንድ ምናባዊ ጽሑፍ አሳተመ። በ2021 ላይ ቆሞ ወደኋላ እንደሚያይ ሰው ሆኖ፣ ግላይደሮች ዓለምን ሲዞሩና መረጃ ሲልኩ ጻፈ። በ1991 የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሐይቅና ምንጭ ውስጥ ተደረጉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ ገንዘብ አውጥቶ ሦስት የተለያዩ ግላይደሮች ጎን ለጎን ተሠሩ፤ ስሎከም፣ ስፕሬይና ሲግላይደር። በ2004 ስፕሬይ የገልፍ ጅረት የተባለውን ኃይለኛ የአትላንቲክ የውኃ ፍሰት አቋረጠ። በ2009 ከራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ስሎከም አትላንቲክን ከኒው ጀርሲ ባሕር ተነሥቶ በ221 ቀን ተሻግሮ ስፔን ዳርቻ ደረሰ።

ከስቶመል ጽሑፍ እስከ አትላንቲክ መሻገር 20 ዓመት። አንድ የፒኤችዲ ትምህርት ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት ነው። አንድ የተለመደ ግራንት (ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ) ሦስት ዓመት። ግላይደሩ የተሳካው አንድ ከፋይ ለረጅም ጊዜ ሳይሰለች ስለቆየ ነው። ያ ከፋይ ደግሞ ወታደር ነበር።

ይህ የመጀመሪያው እውነት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ባይወደውም። የውቅያኖስ ምሕንድስና ከባሕር ኃይል ተለይቶ አያውቅም። የአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ በ1946 ተቋቋመ፣ አልቪን የተባለችው ሰው ጫኝ ሰርጓጅ በ1964 ሥራ የጀመረችው በባሕር ኃይሉ ገንዘብ ነው። ሶናር (በድምፅ ማሚቶ ውኃ ውስጥ ያለን ነገር የሚያገኝ መሣሪያ)፣ የድምፅ መገናኛ፣ ራሱን የሚመራ ሰርጓጅ ሮቦት፣ ሁሉም የጦር አሻራ አለባቸው። ወታደሩ ትዕግሥት አለው፣ መርከብ አለው፣ ዕቃ ሲጠፋ ብዙም አይደነግጥም። ዋጋው ሌላ ነው። አንዳንዱ ሥራ ሳይመረመር አይታተምም። የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ቴክኖሎጂ የወጪ ንግድ ሕጎች የውጭ አገር ተማሪን ከአንዳንድ ፕሮጀክት ያግዳሉ። በመከላከያ ሚኒስቴሩ በኩል የሚሰጠው የፒኤችዲ ፌሎሺፕ፣ ማለትም በተማሪው ስም የሚሰጥ ድጎማ፣ ለአሜሪካ ዜጎች ነው። በክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ስለሆነ ብቻ ከላቦራቶሪው ዋና ሥራ ውጭ ሊቆይ ይችላል።

ሲቪሉ ኪስስ? እዚያ ተማሪው ሁለት በር ያንኳኳል፣ ሁለቱም በከፊል ይከፈታሉ። የሳይንሱ በር «ምን አዲስ ነገር ታገኝበታለህ?» ይላል። መሣሪያ ልሠራ ነው ብትለው፣ «መሣሪያው ሲያልቅ ና» ይልሃል። የምሕንድስናው በር ደግሞ «ምን አዲስ ዘዴ አመጣህ?» ይላል። ያለውን ሴንሰር ሦስት ዓመት ውኃ ውስጥ ሳይዛባ እንዲቆይ አደርጋለሁ ብትለው አይመስጠውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለውቅያኖስ ቴክኖሎጂ ብቻ የተለየ ፕሮግራም ያቋቋመው ይህን ክፍተት አይቶ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ያም ቢሆን ገንዘቡ ለፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት ነው የሚሰጠው፣ ተማሪው በፕሮጀክቱ ውስጥ አንድ የወጪ መስመር ነው።

ሳይዛባ መቆየት የሚለውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ጥልቁ ውኃ እየሞቀ ነው፣ ግን ለውጡ በአሥር ዓመት ውስጥ በአንድ ዲግሪ መቶኛ ክፍልፋዮች የሚቆጠር ነው። የሴንሰሩ የራሱ መንሸራተት፣ ማለትም ንባቡ ቀስ በቀስ ከእውነተኛው መራቁ፣ ከዚያ ከበለጠ፣ የምታየው ውቅያኖሱን ሳይሆን ዕቃህን ነው። አርጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ2007 ኅዳር ላይ 3,000 ተንሳፋፊ መሣሪያ ሞላ፣ ዛሬ ወደ 4,000 ይጠጋል። እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት እስከ ላይ ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ በሳተላይት ይልካል። አንዴ ከተጣለ በኋላ ተመልሶ ላቦራቶሪ አይገባም፤ ስለዚህ ልኬቱ ገና ከመነሻው የተስተካከለ መሆን አለበት። እያንዳንዱን ሴንሰር ከመደበኛ መለኪያ ጋር ማስተያየት፣ በሙቅና በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ መሞከር ወራት ይፈጃል። ያ የወራት ሥራ አንድም ጽሑፍ አያሳትምም። ተማሪው ግን የሚመዘነው በጽሑፍ ነው።

አውሮፓ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞታል። ኖርዌይ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ አለው፣ ጡረታ ይቆረጥለታል። ጊዜው ሦስት ዓመት ነው፣ የማስተማር ግዴታ ካለበት አራት። በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ፕሮግራም ደግሞ ዜግነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ወደምትሄድበት አገር ቀደም ብለህ አለመኖርህ ነው። ካለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ እዚያ የኖረ አይቀጠርም። ብሪታንያ ለተማሪ የምትከፍለው ዝቅተኛ ድጎማ በ2025 የትምህርት ዘመን 20,780 ፓውንድ ነበር። ይህ ሁሉ ከአሜሪካው ሥርዓት የተረጋጋ ነው። ግን አጭር ነው። በሦስት ዓመት ዕቃ ነድፈህ፣ ሠርተህ፣ የመርከብ ወረፋ ጠብቀህ፣ ባሕር ላይ ሞክረህ፣ ተበላሽቶ ጠግነህ፣ ደግመህ ሞክረህ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለህ? የሚሆነው ሌላ ነው። ተማሪው ገንዳ ውስጥ ሞክሮ፣ ሞዴል ሠርቶ፣ «ወደፊት በባሕር ላይ ይፈተሻል» ብሎ ይመረቃል። ያ ወደፊት ብዙ ጊዜ አይመጣም። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መርከቡን ካነሣን፣ እውነተኛው ወጪ እዚያ ነው። አንድ ትልቅ የምርምር መርከብ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። ሁለት ቀን ብቻ ባሕር ላይ መዋል የአንድ ተማሪን የዓመት ድጎማ ሊያክል ይችላል። ስለዚህ ፌሎሺፕ አገኘሁ ማለት ባሕር አገኘሁ ማለት አይደለም። እንደ ሽሚት የውቅያኖስ ኢንስቲትዩት ያሉ የግል ተቋማት መርከባቸውን ለተመራማሪዎች ያለ ክፍያ ማቅረባቸው ለዚህ ነው ትልቅ ቦታ የሚሰጠው። ሌላው ተማሪ የሰው ጉዞ ላይ ተለጥፎ፣ የሌላው ሥራ ሲያልቅ በሚተርፈው ሌሊት ዕቃውን ያወርዳል።

ከዚያ ደግሞ መጥፋት አለ። ዉድስ ሆል የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም የሠራው ኔሬየስ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሮቦት ነበር። በ2009 ከ10,900 ሜትር በላይ ወርዶ የውቅያኖስ ጥልቁ ቦታ ቻሌንጀር ዲፕ ደረሰ። በግንቦት 2014 ከርማዴክ በተባለው የፓስፊክ ጉድባ ውስጥ 9,900 ሜትር ላይ ተሰባበረ፤ ሠራተኞቹ ያዩት ከላይ የተንሳፈፈ ስብርባሪውን ነው። ከእሱ በፊት ኤቢኢ የተባለው ሮቦት በ222ኛ ጠልቆው ላይ፣ በ2010 ከቺሊ ዳርቻ ርቆ እንደወጣ ቀረ። እነዚህ ትልልቅ ናቸው፣ ተቋም አላቸው። የተማሪው ዕቃ ግን አንድ ነው። አንዲት የጎማ ማሸጊያ ቀለበት በደንብ ካልተቀመጠች ውኃ ይገባል፣ አራት ዓመት ይሄዳል። የብዙ ግራንት በጀት ላይ «ለሁለተኛው ዕቃ» የሚል መስመር የለም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ተረት የተተረተው ለውቅያኖስ መሐንዲስ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ትንንሾቹ ፌሎሺፖች ከመጠናቸው በላይ የሚሠሩት። ምሳሌ ልስጥ። ኤድዊን ሊንክ የአውሮፕላን በረራ ማስመሰያውን በ1929 የፈጠረ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ አብራሪ የሠለጠነው በእሱ ማሽን ነው። ሀብት ካፈራ በኋላ ልቡ ወደ ባሕር ሄደ። በ1962 በሠራው ሲሊንደር ውስጥ ሮበርት ስቴኑይ የተባለ ጠላቂ 61 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። በ1971 ጆንሰን ሲ ሊንክ የተባለችውን ሰርጓጅ ሠራ። በሰኔ 1973 ያቺው ሰርጓጅ ፍሎሪዳ አካባቢ የሰመጠ መርከብ ፍርስራሽ ውስጥ ተይዛ፣ የገዛ ልጁ ክሌይተንና አልበርት ስቶቨር የተባለ ጠላቂ ሞቱ። ሊንክ ከዚያ በኋላ ጊዜውን የሰጠው እንዲህ የተያዘ ሰርጓጅን የሚታደግ ሰው አልባ መሣሪያ ለመሥራት ነው። እሱና ባለቤቱ ማሪዮን በ1953 ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ዛሬም በውቅያኖስ ምሕንድስናና በመለኪያ መሣሪያ ላይ ለሚሠሩ የፒኤችዲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ ይሰጣል።

አንድ ዓመት ምን ያደርጋል? ይህ ገንዘብ የሚሰጠው ለተማሪው ነው፣ በተማሪው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ። ፕሮፌሰሩ ለከፋዩ ቃል የገባውን ሥራ ለመጨረስ አይደለም። ተማሪው ለአንድ ዓመት የማንም የወጪ መስመር አይሆንም። ሊከሽፍ የሚችለውን ነገር የሚሞክረው በዚያ ዓመት ነው። የብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕም አስተሳሰቡ ይኸው ነው። ለተማሪው በዓመት 37,000 ዶላር ይከፍላል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሦስቱ ዓመት። አማካሪ ብትቀይር ገንዘቡ አብሮህ ይሄዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን የኃይል ሚዛን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ይኸው ፕሮግራም በ2025 ተናጋ። ቀደም ሲል በዓመት ወደ 2,000 ሰው ይመርጥ የነበረው፣ በሚያዝያ 1,000 ብቻ መረጠ። በሰኔ 500 ተጨመረ። በዚያው ዓመት ዋይት ሐውስ ለ2026 ያቀረበው የበጀት ሐሳብ የፋውንዴሽኑን ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚቆርጥ፣ የአሜሪካን የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር የምርምር ክፍል ደግሞ ጨርሶ የሚዘጋ ነበር። የበጀት ሐሳብ ሕግ አይደለም፣ የመጨረሻው ቃል የኮንግረስ ነው። ግን ጉዳቱ ሕጉን አይጠብቅም። የቀጣዩ ዓመት ገንዘብ ያላስተማመነው ፕሮፌሰር አዲስ ተማሪ አይቀበልም። ያ ያልተቀበለው ተማሪ በ2031 የማይኖር መሐንዲስ ነው። ገንዘቡ በኋላ ቢመለስም፣ የቀረውን ዓመት የሚመልሰው የለም።

ሽልማትስ አማራጭ አይሆንም? ይሆናል የሚሉ አሉ። ኤክስፕራይዝ የተባለው ድርጅት 7 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የባሕር ወለልን በፍጥነት ካርታ የሚያነሣ ቡድን ፍለጋ አወዳደረ። በ2019 አሸናፊው ታወቀ፣ 4 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አሸናፊው ግን አዲስ የተቋቋመ ድርጅት አልነበረም። ኒፖን ፋውንዴሽን የተባለው የጃፓን ግብረ ሠናይ ድርጅት ከ2004 ጀምሮ በኒው ሃምፕሺር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምራቸው የኖሩ፣ ከብዙ አገር የመጡ የባሕር ካርታ ባለሙያዎች ቡድን ነበር። ሥልጠናቸው ፒኤችዲ እንኳ አይደለም፣ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። ሽልማቱ 15 ዓመት ሙሉ በዝምታ ሲከፈል የኖረውን ገንዘብ ፍሬ ለቀመ እንጂ ሰዎቹን አልፈጠረም። ሽልማት ለጨረሰ ነው የሚከፍለው። ተማሪ ደግሞ የሚራበው ከመጨረሱ በፊት ነው።

የኩባንያ ገንዘብም አለ፣ ከነዳጅና ከባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ። ጥሩ ይከፍላል፣ ዕቃና መርከብም ያቀርባል። የሚፈልገው ግን ለዛሬ የሚሆን ዕቃ ነው፣ ሲወጣም የፈጠራ ባለቤትነቱ የኔ ነው ይላል። ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ለከፋዮች ቢነገር የሚጠቅም ነገር አለ። አዲስ ሚሊዮን መጨመር ግዴታ አይደለም፣ ያለውን አቀራረጽ መቀየርም ይረዳል። ሦስት ዓመት የሚሰጠውን ሁሉ ወደ አምስት መለጠጥ አይቻልም። ነገር ግን ዕቃውን ባሕር ላይ ለማድረስ ለቀረበ ተማሪ ተለይቶ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ፣ ከጥቂት የመርከብ ቀናትና ከሁለተኛ ዕቃ ዋጋ ጋር፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀሩትን ብዙ ሥራዎች ያወርዳቸዋል። በ2020 የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚለኩ 500 ተንሳፋፊዎችን ለማሰማራት 53 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን እነዚያ ተንሳፋፊዎች የተሸከሟቸው የአሲድነት፣ የናይትሬትና የኦክስጅን ሴንሰሮች ቀደም ሲል በትንንሽ ገንዘብ ዓመታት የተደከመባቸው ናቸው። የቀጣዩን 500 ሴንሰር ዛሬ የሚለፋበት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ በጀት ግን ብዙ አይታይም።

በዚህ ሙያ ፒኤችዲ ለመጀመር ያሰበ ሰው ደግሞ ደብዳቤው ላይ ያለውን የድጎማ ቁጥር ብቻ አይቶ ባይፈርም ጥሩ ነው። አማካሪውን ፊት ለፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ገንዘቡ በማን ስም ነው፣ በእኔ ወይስ በፕሮጀክቱ? ፕሮጀክቱ በሦስተኛው ዓመት ቢያልቅ አራተኛውን ማን ይሸፍናል? የመርከብ ቀን በጀቱ ውስጥ አለ፣ ወይስ የሰው ጉዞ ላይ ነው የምንለጠፈው? የምሠራውን ያለ ከፋዩ ፈቃድ ማሳተም እችላለሁ? ዕቃው ባሕር ውስጥ ቢቀርስ፣ ሌላ የምንሠራበት ገንዘብ አለ ወይስ በነበረኝ መረጃ ጽፌ እመረቃለሁ? ከዚህ ላቦራቶሪ ከተመረቁት ውስጥ ዕቃቸው ዛሬ ውኃ ውስጥ እየሠራ ያለ ስንት ናቸው? ይህችን የመጨረሻዋን አማካሪውን ብቻ ሳይሆን፣ ቀድመው የተመረቁትን ልጆችም ደውሎ መጠየቅ ነው።